ራዳር በማይደርስበት ባሕር ላይ፦ የውቅያኖስ በረራ ቁጥጥር በራዲዮና በስሌት

የአየር ጉዞን በሚመለከት በሕዝብ ዘንድ ሥር ከሰደዱት ግምቶች አንዱ፣ አንድ አውሮፕላን ከተነሣበት ደቂቃ ጀምሮ እስኪያርፍ ድረስ በምድር የተቀመጡ ተቆጣጣሪዎች በራዳር ስክሪን ላይ ሳያቋርጡ ይመለከቱታል የሚለው ነው። ይህ ግምት በየብስ ላይ ለሚደረግ በረራ፣ በተለይም በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ሰማይ፣ ከእውነት እምብዛም የራቀ አይደለም። በውቅያኖስ ላይ ግን ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ፍጹም ስሕተት ሆኖ ኖሯል። እኅቱን ወይም ልጁን ወደ ዋሽንግተን ሸኝቶ ከቦሌ የተመለሰ ሰው፣ ተጓዡ አትላንቲክን በሚያቋርጥባቸው ሰዓታት አውሮፕላኑን ከምድር የሚያየው አንድም ዓይን እንዳልነበረ ቢነገረው በቀላሉ አያምንም። ነገሩ ግን እንዲሁ ነበር፤ አውሮፕላኖቹም በአብዛኛው በሰላም ይደርሱ ነበር።

ሳያዩ መቆጣጠር እንዴት ተቻለ? ጥያቄው ለመምህራን ከተራ የማወቅ ጉጉት ያለፈ ጥቅም አለው። የሞገድ ትምህርት፣ የምድር ክብነት፣ የኬክሮስና የኬንትሮስ አለካክ፣ እንዲሁም የይሆናል ስሌት፣ በትምህርት ቤት በየክፍላቸው ተለያይተው የሚሰጡት ሁሉ፣ በዚህ አንድ ሥራ ውስጥ ይገናኛሉ። ራዳር ለተማሪ ሲቀርብ ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው በአንድ አንቀጽና በአንድ ሥዕል ነው፤ መሣሪያው ምን እንደሚያይ ይነገራል፣ ምን እንደማያይ ግን አይነገርም። የተማሪውን አእምሮ ይበልጥ የሚያነቃቃው ይህ ሁለተኛው ነው።

የአድማሱ ገደብ

ራዳር የራዲዮ ሞገድ ልኮ ከአውሮፕላኑ አካል ተነጥሮ የሚመለሰውን የሚቀበል መሣሪያ ነው። ሞገዱ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከተላከበት እስከተመለሰበት ያለው ጊዜ ሲለካ ርቀቱ ይታወቃል። በሲቪል አቪዬሽን በብዛት የሚሠራበት ሁለተኛው ዓይነት ራዳር ደግሞ ነጸብራቅን ከመጠበቅ ይልቅ ጥያቄ ያቀርባል፤ በአውሮፕላኑ ላይ የተገጠመው ትራንስፖንደር ጥያቄው ሲደርሰው መለያ ቁጥሩንና ከፍታውን መልሶ ይልካል። በሁለቱም ዓይነት ሞገዱ የሚጓዘው በቀጥታ መስመር ነው፤ ምድር ግን ክብ ናት። ችግሩ በሙሉ ከዚህ ይመነጫል።

ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለማሳየት ከባድ ሒሳብ አያስፈልግም። የአንድን ነገር ከፍታ በሜትር ወስዶ ስኩዌር ሩቱን በ3.57 ማባዛት፣ ከባሕር ጠርዝ ላይ ሆኖ ያ ነገር ሊታይ የሚችልበትን ርቀት በኪሎ ሜትር ይሰጣል። የራዲዮ ሞገድ በአየር ውስጥ ሲያልፍ ጥቂት ወደ ምድር ስለሚጎብጥ ለራዳር ማባዣው 4.12 ይሆናል። በ10,000 ሜትር ከፍታ የሚበር አውሮፕላን ቢወሰድ፣ ስኩዌር ሩቱ 100 ነው፤ ስለዚህ ራዳሩ ሊያየው የሚችለው እስከ 412 ኪሎ ሜትር ድረስ ነው ማለት ነው። አንቴናው ኮረብታ ላይ ቢተከል ርቀቱ በመጠኑ ይጨምራል እንጂ ነገሩ አይለወጥም። ከአየርላንድ ጠረፍ እስከ ኒውፋውንድላንድ ያለው ባሕር ወደ 3,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከሁለቱም ዳርቻ 400፣ 400 ቢቀነስ፣ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ለሚበር አውሮፕላን ከሁለት ሰዓት በላይ የሚፈጅ፣ ለራዳር ጨለማ የሆነ ባሕር በመካከል ይቀራል።

ስሌቱን ገልብጦ መጠየቅም ይቻላል። ከጠረፍ 1,500 ኪሎ ሜትር ርቆ በባሕሩ መካከል ያለ አውሮፕላን በምድር ራዳር ይታይ ዘንድ ምን ያህል ከፍ ማለት አለበት? መልሱ ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። የመንገደኛ አውሮፕላን ከ13 ኪሎ ሜትር እምብዛም አያልፍም። የራዳሩን ኃይል ዐሥር እጥፍ መጨመር ይህን አንድ ሜትር እንኳ አይለውጠውም፤ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያቀርቡት መፍትሔ ይኸው በመሆኑ መምህሩ አስቀድሞ ቢያነሣው ይመረጣል።

ራዳሩን ወደ ባሕሩ የማምጣት ሙከራም ተደርጎ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ስምምነት መሠረት፣ በሰሜን አትላንቲክ የተወሰኑ ቦታዎች ላይ መርከቦች በተራ እየቆሙ የአየር ጠባይ ይለኩ፣ ለሚያልፉ አውሮፕላኖችም ያሉበትን ቦታ በራዳርና በራዲዮ ይነግሩ ነበር። በጥቅምት ወር 1947 (እ.ኤ.አ.) ነዳጅ እያለቀበት የነበረ አንድ የባሕር አውሮፕላን ከእነዚህ መርከቦች አንዷ አጠገብ በማዕበል ውስጥ አርፎ፣ በውስጡ የነበሩት 69 ሰዎች በሙሉ ተርፈዋል። ይሁን እንጂ መርከብን ዓመቱን ሙሉ በማዕበል መካከል ማቆም ከፍተኛ ወጪ የሚጠይቅ በመሆኑና የጄት አውሮፕላኖችም የራሳቸው መፈለጊያ መሣሪያ እየያዙ በመምጣታቸው፣ አብዛኞቹ ጣቢያዎች በ1970ዎቹ ተዘግተዋል።

ከሰማይ ተነጥሮ የሚመለስ ድምፅ

ቀጥታ መስመር የማይጠብቅ መገናኛ ግን አለ። በዕለታዊ የአውሮፕላን ንግግር የሚያገለግለው ቪ.ኤች.ኤፍ. የሚባለው ሞገድ፣ ከ118 እስከ 137 ሜጋሄርዝ ያለው፣ እንደ ራዳር ሁሉ በአድማስ ይገደባል። ከ3 እስከ 30 ሜጋሄርዝ ያለው አጭር ሞገድ ግን ወደ ላይ ሲወጣ፣ የፀሐይ ጨረር በኤሌክትሪክ የሞላው አዮኖስፌር የሚባለው የከባቢ አየር ክፍል ያጎብጠውና ወደ ምድር ይመልሰዋል። ከምድር ተነጥሮ እንደገና ሊወጣ፣ እንደገናም ሊመለስ ይችላል። በዚህ አኳኋን ድምፁ ሺህ ኪሎ ሜትሮችን ይሻገራል።

ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ከውጭ አገር በአማርኛ የሚተላለፈውን ዜና በአጭር ሞገድ ሲያዳምጥ ያደገ ቤተሰብ፣ ጣቢያው ቀን በአንድ ቁጥር ላይ ጥርት ብሎ ተሰምቶ ማታ በዚያው ቁጥር ላይ እንደሚጠፋ፣ ድምፁም እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ እንደሚል ያውቃል። ምክንያቱ አንድ ነው። ቀን ፀሐይ የአዮኖስፌሩን ታችኛ ክፍል ስለምታጠናክረው ዝቅተኛው የሞገድ ድግግሞሽ ይዋጣል፤ ስለዚህ ከፍ ያለውን መጠቀም ያስፈልጋል። ሌሊት ታችኛው ክፍል ሲጠፋ ዝቅተኛው ይሻላል፤ ከፍተኛው ግን አዮኖስፌሩን ሰንጥቆ ወደ ጠፈር ያልፋል። በውቅያኖስ ላይ ያሉ አብራሪዎችም ልክ እንደ ቤት አዳማጩ ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ ቁጥር ይለውጣሉ። ልዩነቱ አዳማጩ ዜና ቢያመልጠው ነገ ይሰማዋል።

ይህ መገናኛ ሁልጊዜ አይታመንም። በፀሐይ ላይ ኃይለኛ ፍንዳታ ሲከሠት አዮኖስፌሩ ሞገዱን ውጦ ያስቀረዋል። በመስከረም 6 ቀን 2017 (በአውሮፓ አቆጣጠር) የደረሰው እንዲህ ያለ ፍንዳታ በካሪቢያን አካባቢ፣ ያውም በታላቅ አውሎ ነፋስ ወቅት፣ የአጭር ሞገድን ግንኙነት አቋርጧል። በደኅናው ቀን እንኳ ጩኸትና ሽሽታ ስለማይለየው፣ አብራሪው ለሰዓታት ጆሮው ላይ ይዞት እንዳይቀመጥ ሴልካል የሚባል ዘዴ ከ1957 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ለእያንዳንዱ አውሮፕላን በአራት ፊደላት የሚታወቅ የድምፅ ቅንጅት ይሰጠዋል፤ የምድሩ ጣቢያ ያንን ቅንጅት ሲልክ በዚያ አውሮፕላን ውስጥ ብቻ ደወል ይደወላል። ያለዚያ ራዲዮው ጸጥ ብሎ ይቆያል።

ጸጥታው እዚህ ላይ ልብ ሊባል ይገባዋል። በውቅያኖስ በረራ ለሠላሳና ለአርባ ደቂቃ ምንም ድምፅ አለመሰማቱ የደኅንነት ምልክት ሆኖ ይቆጠር ነበር።

በወረቀት ላይ የሚበር አውሮፕላን

የሰሜን አትላንቲክ ሰማይ በዋናነት በሁለት ማዕከሎች መካከል ተከፍሏል። በምሥራቅ በኩል ያለው ሻንዊክ ሲባል፣ ስሙ የአየርላንዱ ሻነንና የስኮትላንዱ ፕረስትዊክ ተጣምረው የተፈጠረ ነው፤ በምዕራብ በኩል ያለው በኒውፋውንድላንድ የሚገኘው ጋንደር ነው። ድንበራቸው 30 ዲግሪ ምዕራብ ኬንትሮስ ነው። አብራሪው በአጭር ሞገድ የሚያነጋግረው ተቆጣጣሪውን ራሱን አይደለም። በሻንዊክ በኩል መልእክቱን የሚቀበለው በአየርላንድ ባሊጊሪን ያለው የራዲዮ ሠራተኛ ነው፤ እርሱ ጽፎ በስኮትላንድ ላለው ተቆጣጣሪ ያስተላልፋል። መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል።

ከአብራሪው የሚጠበቀው የቦታ ሪፖርት ነው። አብዛኛውን ጊዜ በየ10 ዲግሪ ኬንትሮስ የሚሰጠው ይህ ሪፖርት በአማርኛ ቢገለጽ እንዲህ ያለ ይሆናል፦ «50 ሰሜን 30 ምዕራብ በ12፡14፤ ከፍታ 35,000 ጫማ፤ 50 ሰሜን 40 ምዕራብ በ13፡02 ይገመታል፤ ቀጥሎ 50 ሰሜን 50 ምዕራብ»። ሰዓቱ በግሪንዊች አቆጣጠር ነው። በ50 ዲግሪ ሰሜን ላይ 10 ዲግሪ ኬንትሮስ 715 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሆን፣ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ አውሮፕላን 48 ደቂቃ ይፈጅበታል። በምድር ወገብ ላይ ቢሆን ርቀቱ 1,113 ኪሎ ሜትር በሆነ ነበር፤ ይህም የጂኦግራፊ መምህራን የኬንትሮስ መስመሮች ወደ ዋልታ መጠጋጋታቸውን ለማሳየት ከካርታ ንባብ የተሻለ ምሳሌ ሊሆናቸው ይችላል።

ተቆጣጣሪው ይህንን በቀጭን የወረቀት ቁራጭ ላይ ይጽፍና ከሌሎቹ ጋር ይደረድረዋል። በየቁራጩ ያለውን ሰዓትና ከፍታ እያነጻጸረ፣ ሁለት አውሮፕላኖች በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ከፍታ፣ በአንድ ቦታ እንዳይገናኙ ያደርጋል። ኋላ ወረቀቱ በኮምፒዩተር ተተክቷል፤ አስተሳሰቡ ግን ያው ነው። በፊቱ ያለው አውሮፕላኑ ራሱ ሳይሆን የአውሮፕላኑ ቃል ነው፤ የት እንደነበረና የት እንደሚሆን የተሰጠ ቃል። ማንም ለማየት ስለማይችል ቃሉ ይታመናል።

ሥራውን ለማቅለል ከ1965 ጀምሮ መስመሮች በየቀኑ ይወጣሉ። ከአሜሪካ የሚነሡ መንገደኞች ማታ ተነሥተው ጧት አውሮፓ መድረስ ስለሚመርጡ፣ ከአውሮፓ የሚነሡት ደግሞ በቀን ስለሚጓዙ፣ የሰማዩ ትራፊክ እንደ ባሕር ሞገድ ቀን ወደ ምዕራብ፣ ሌሊት ወደ ምሥራቅ ይፈሳል። ወደ ምሥራቅ የሚሄዱት ከምዕራብ የሚነፍሰውን ኃይለኛ የከፍታ ነፋስ ይጠቀሙበታል፤ የሚመለሱት ይሸሹታል። ነፋሱ በየቀኑ ቦታ ስለሚለውጥ መስመሮቹም በየቀኑ ይለወጣሉ።

ያለማወቅ ዋጋ

በየብስ ላይ ራዳር ባለበት ሁለት አውሮፕላኖች በአንድ ከፍታ ላይ በ5 የባሕር ማይል፣ ይኸውም ከ9 ኪሎ ሜትር ትንሽ በሚበልጥ ርቀት ሊቀራረቡ ይችላሉ። በአትላንቲክ ላይ በ1960ዎቹ በጎንዮሽ የሚጠየቀው ርቀት 120 የባሕር ማይል ነበር፤ ይህም 222 ኪሎ ሜትር ነው። በአንድ መስመር ላይ ለሚከታተሉት ደግሞ የሚለያያቸው ደቂቃ ነው፤ 10 ደቂቃ ለጄት 150 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። አውሮፕላኖቹ በየብስም በባሕርም ያው ናቸው፤ አብራሪዎቹም ያው ናቸው። በ9 እና በ222 መካከል ያለው ልዩነት ተቆጣጣሪው የሚያውቀውና የማያውቀው ነገር ልዩነት ነው።

ርቀቱ ባዶ ሰማይ ሆኖ አይቀርም፤ ዋጋ ያስከፍላል። ምቹው ነፋስ ያለበት መንገድ ጠባብ ነው። በሰፊ ርቀት የሚለያዩ አውሮፕላኖች ሁሉም በዚያ አይስተናገዱም፤ የቀሩት ወደ ጎን ወይም ወደ ዝቅተኛ ከፍታ ተገፍተው ብዙ ነዳጅ ያቃጥላሉ። ስለዚህ በ1960ዎቹ አጋማሽ 120ን ወደ 90 የባሕር ማይል ዝቅ ለማድረግ ሲታሰብ አየር መንገዶች ደገፉት፤ አብራሪዎች ግን ተቃወሙ። ክርክሩ በአስተያየት ብቻ ሊቋጭ አልቻለም። ፒ. ጂ. ራይክ የተባሉ የእንግሊዝ አየር ምርምር ተቋም ባለሙያ በ1966 ባሳተሙት ጥናት፣ ጥያቄውን ከ«ይበቃል፣ አይበቃም» ወደ ይሆናል ስሌት አዛወሩት። አውሮፕላኖች ከመስመራቸው ምን ያህል እንደሚያፈነግጡ ከተለካ፣ በአንድ የርቀት መጠን የመጋጨት ዕድል ምን ያህል እንደሚሆን ማስላት ይቻላል የሚል ነበር።

የስሌቱ አስቸጋሪ ክፍል ያለው በጫፉ ላይ ነው። ብዙኃኑ አውሮፕላኖች ከመስመራቸው ጥቂት ማይል ብቻ ይርቃሉ፤ እነርሱ አደጋ አያመጡም። አደጋ የሚያመጣው እጅግ ጥቂቱ፣ መሣሪያው ሳይበላሽ በሰው ስሕተት ሩቅ የሚሄደው ነው። የሒሳብ መምህራን አማካይን ካስተማሩ በኋላ ስለ ጫፍ ለመናገር ጊዜ ሲያጥራቸው ይታያል፤ እዚህ ላይ ግን የሰው ሕይወት ያለው በጫፉ ነው።

በሐምሌ 8 ቀን 1987 (እ.ኤ.አ.) ይኸው ጫፍ ታየ። ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ ከሚበሩ ሁለት ትላልቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖች አንዱ ከተፈቀደለት መስመር 60 ማይል ያህል ወጥቶ፣ በሌላው ሥር በ100 ጫማ ወይም ከዚያ ባነሰ ርቀት አለፈ። በሁለቱ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ከአምስት መቶ ይበልጡ ነበር። የመፈለጊያው ኮምፒዩተር አልተበላሸም ነበር፤ የተሰጠውን ቁጥር በትክክል ተከትሏል፤ ቁጥሩ አሞላል ላይ እንደተሳሳተና ሳይመረመር እንደታለፈ ነው የታመነው። ከምድር ሆኖ ያየ ማንም አልነበረም። በተቆጣጣሪው ዘንድ ሁለቱ አውሮፕላኖች በየመስመራቸው በሰላም እየሄዱ ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ ከደቡብ አትላንቲክ ነው። በግንቦት 31 ቀን 2009 (እ.ኤ.አ.) ማታ ከሪዮ ዴ ጃኔሮ ወደ ፓሪስ 228 ሰዎች ይዞ የተነሣው የኤር ፍራንስ አውሮፕላን፣ በግሪንዊች አቆጣጠር ከእኩለ ሌሊት በኋላ በ1 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ላይ ከብራዚል ተቆጣጣሪ ጋር የመጨረሻ ንግግሩን አደረገ። ከዚያ ወደ ሴኔጋሉ የዳካር ክልል ሊገባ ነበር። ሠራተኞቹ ቦታቸውን በሳተላይት በኩል ለዳካር እንዲያሳውቅ መሣሪያቸውን ሦስት ጊዜ ለማገናኘት ሞክረው አልተሳካላቸውም። በ2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ አውሮፕላኑ ባሕር ውስጥ ገባ። የአደጋው ምክንያት የመገናኛ ጉድለት አልነበረም፤ የፍጥነት መለኪያ ቱቦዎቹ በበረዶ መደፈንና ከዚያ በኋላ የተደረገው አነዳድ ነበር። ነገር ግን በዳካር ኮምፒዩተር ውስጥ፣ በበረራ ዕቅዱ መሠረት የተፈጠረ አንድ አውሮፕላን መስመሩን ጠብቆ ጉዞውን ቀጠለ። አውሮፕላኑ ከወደቀ ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላም የዳካር ተቆጣጣሪ ለሚቀጥለው፣ ለኬፕ ቨርዱ የሳል ማዕከል፣ እንደሚመጣ አሳወቀ። ዝምታ የተለመደ በመሆኑ ዝምታው አላስደነገጠም። የመጀመሪያው የአደጋ ማስጠንቀቂያ የተላለፈው ብዙ ሰዓታት ቆይቶ ነው፤ የአውሮፕላኑ ዋና ስብርባሪም የተገኘው በ2011 ሚያዝያ፣ 3,900 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ነው።

ከእነዚህ በኋላ የተደረገው ለውጥ በአጭሩ ሊነገር ይችላል። ከ1977 ጀምሮ በሰሜን አትላንቲክ ዋና ከፍታዎች የሚበር አውሮፕላን የተወሰነ የመፈለጊያ ጥራት እንዲኖረው በመጠየቁ የጎን ርቀቱ ወደ 60 የባሕር ማይል እንዲወርድ ተቻለ። በ1997 የከፍታ ልዩነቱ ከ2,000 ወደ 1,000 ጫማ ዝቅ አለ። ከኅዳር 2018 ጀምሮ በውቅያኖስ ላይ ያሉ ትላልቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ቦታ ቢያንስ በየ15 ደቂቃው በአየር መንገዳቸው እንዲታወቅ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተደነገገ። በ2019 ደግሞ አውሮፕላኖች ራሳቸው የሚያውጁትን ቦታ 66 ሳተላይቶች ከላይ ሆነው እየተቀበሉ በየጥቂት ሴኮንዱ ለጋንደርና ለፕረስትዊክ ማስተላለፍ ጀመሩ፤ የምድር ክብነት ከላይ ለሚያይ መሰናክል አይሆንምና። በአንድ መስመር የሚከታተሉ አውሮፕላኖችም፣ መሣሪያው ካላቸው፣ ከ20 የባሕር ማይል ባነሰ ርቀት እንዲበሩ ተፈቀደ። አጭር ሞገድ ግን አልተሻረም፤ ሳተላይቱ ቢቋረጥ የሚቀረው እርሱ ነው። በአፍሪካም ምድራዊ መገናኛ በሳሳባቸው ሰፊ ክልሎች አብራሪዎች በ126.9 ሜጋሄርዝ ላይ ያሉበትን ቦታ፣ ከፍታና ሰዓት በአካባቢው ላሉ ሌሎች አብራሪዎች ራሳቸው ያውጃሉ። ስለዚህ ያለማየት ጉዳይ የባሕር ብቻ አይደለም።

በክፍል ውስጥ

ይህን ለማስተማር ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት አይቸገርም። አንድ የጓሮ ሜዳ፣ ኖራ፣ ጥቂት የወረቀት ቁራጮችና ሰዓት ይበቃሉ። በሜዳው ላይ ሁለት ትይዩ መስመሮች በኖራ ይሠመራሉ፤ በየዐሥር እርምጃው ምልክት ይደረጋል። አንድ ተማሪ ተቆጣጣሪ ሆኖ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ይቀመጣል። ሌላው የራዲዮ ሠራተኛ ሆኖ በመካከል ይቆማል። ሁለት ተማሪዎች ዓይናቸውን ተሸፍነው በመስመሮቹ ላይ እርምጃቸውን እየቆጠሩ ይሄዳሉ፤ ዐሥር እርምጃ በሞላ ቁጥር ቦታቸውንና የሚቀጥለውን ግምት ለራዲዮ ሠራተኛው ይናገራሉ፤ እርሱም ጽፎ ለተቆጣጣሪው ያደርሳል። ተቆጣጣሪው ከመጀመሩ በፊት ሁለቱ መስመሮች ስንት እርምጃ እንዲራራቁ እንደሚፈልግ ራሱ ወስኖ በወረቀት ይጽፋል።

በሁለተኛው ዙር መምህሩ ከሁለቱ ተጓዦች አንዱን በጸጥታ ትከሻውን ይዞ አቅጣጫውን በጥቂት ዲግሪ ያዞረዋል። ልጁ ቀጥ ብሎ እንደሚሄድ እያመነ ሪፖርቱን ይሰጣል፤ በተቆጣጣሪው ፊት ያሉት ወረቀቶች ሥርዓታቸውን እንደጠበቁ ናቸው። ሁለቱ ሊገናኙ ሲቃረቡ መምህሩ ያስቆማቸዋል፤ ተቆጣጣሪውም ዞሮ እንዲያይ ይደረጋል። ከዚያ ሁለት ጥያቄዎች ይቀርቡለታል። ጀርባህን ሰጥተህ እንደገና ብትቀመጥ ስንት እርምጃ ታራርቃቸዋለህ? ፊትህን ወደ ሜዳው እንዳዞርክ ብትሠራስ? ሦስቱ ቁጥሮች፣ በመጀመሪያ የጻፈው፣ ካየ በኋላ ሳያይ ለሚሠራው የሰጠውና እያየ ለሚሠራው የሰጠው፣ በሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ይጻፋሉ።